ኮሎኔል ጆርጅ ዌሪንግና የኒውዮርክ ጎዳናዎች

አዲስ ጎዳና የቀየሰ መሐንዲስ ስሙ በእብነ በረድ ላይ ይቀረጻል። የተቀየሰውን ጎዳና በየዕለቱ የሚያስጠርግና ለሕዝብ መተላለፊያ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ የሚጠብቅ ባለሙያ ግን ሥራው በሠመረ መጠን እየተረሳ ይሄዳል፤ መንገዱ ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ ማን እንዳጸዳው የሚጠይቅ የለምና። ኮሎኔል ጆርጅ ኤድዊን ዌሪንግ ከዚህ ዕጣ ካመለጡት ጥቂት ሰዎች አንዱ ነው። በኒውዮርክ ከተማ የመንገድ ጽዳት ኮሚሽነር ሆኖ የሠራው ከ1895 መጀመሪያ እስከ 1897 መጨረሻ፣ ማለትም ለ3 ዓመት ያህል ብቻ ነበር (ዘመኑ ሁሉ የተጻፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ሆኖም በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ የፈጸመው ሥራ ስሙን ከከተማው አልፎ በሌሎችም አገሮች ማዘጋጃ ቤቶች ዘንድ እንዲነሣ አድርጎታል።

ዌሪንግ የተወለደው ጁላይ 4 ቀን 1833 ከኒውዮርክ ከተማ በስተሰሜን በምትገኘው ፓውንድ ሪጅ በተባለች የገጠር መንደር ነው። አባቱ የብረት ምድጃ የሚያሠራ ባለፋብሪካ ነበር። ልጁ ግን ከፋብሪካው ይልቅ ወደ እርሻ አዘነበለ። ጄምስ ሜፕስ ከተባለው የእርሻ ኬሚስትሪ ዐዋቂ ዘንድ ተማረና በ1854፣ ገና ሃያዎቹን እንደጀመረ፣ ስለ እርሻ መሠረታዊ ትምህርት አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ቀጥሎም ዝነኛው ጋዜጠኛ ሆራስ ግሪሊ የነበረውን እርሻ ለማስተዳደር በቃ። በዚህ ጊዜ ከሁሉ ይበልጥ ልቡን የሳበው ጉዳይ ውኃ ነበር፤ ይኸውም በአፈር ውስጥ ታቁሮ ሥር የሚያበሰብሰውን ውኃ በሸክላ ቧንቧ እየመሩ ማጠንፈፍ ነው። በ1857 ፍሬድሪክ ሎው ኦልምስተድ የኒውዮርክን ማዕከላዊ መናፈሻ ሥራ እንዲመራ ሲሾም፣ ዌሪንግ የመናፈሻው የማጠንፈፍ መሐንዲስ ሆኖ ተቀጠረ። ቦታው ዐለትና ረግረግ የተቀላቀለበት ስለነበረ ከሥሩ ቧንቧ ሳይቀበር ዛፍም ሆነ ሣር የሚያድግበት አልነበረም። የመናፈሻው ጎብኚ የሚያየው ሣሩንና ዛፉን ነው እንጂ ከመሬት በታች ያለውን የዌሪንግን ሥራ አይደለም።

በ1861 የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ ሥራውን ትቶ ዘመተ። በመጀመሪያ የጋሪባልዲ ዘብ በተባለው የኒውዮርክ ክፍለ ጦር በሻለቃነት፣ ከዚያም በሚዙሪ 4ኛ ፈረሰኛ ክፍለ ጦር በኮሎኔልነት አገለገለ። ኮሎኔል የሚለው ማዕርግ እስከ ዕለተ ሞቱ ከስሙ ጋር አብሮት ኖሯል። ከጦርነቱ ይዞት የተመለሰው ማዕርጉን ብቻ እንዳልነበረ ግን ከ30 ዓመት በኋላ ታይቷል። ሰው በረድፍ ሲቆም፣ የደንብ ልብስ ሲለብስና ለሥራው ተጠያቂ የሆነበት ድርሻ ሲሰጠው እንዴት እንደሚለወጥ የተማረው በፈረሰኛው ጦር ውስጥ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ለ10 ዓመት፣ ከ1867 እስከ 1877፣ በኒውፖርት አጠገብ የሚገኘውን የኦግደን እርሻ አስተዳደረ። ከዚያ ወዲህ ሙሉ በሙሉ ወደ ከተማ ጤና ጥበቃ ምህንድስና ተዛወረ። ከማንኛውም የምህንድስና ትምህርት ቤት የተመረቀ አልነበረም። ይህም ከሙያ ባልደረቦቹ ጋር በተከራከረ ቁጥር ሲነሣበት የኖረ ጉዳይ ነው።

ክርክሩ የጎላው በሜምፊስ ምክንያት ነበር። በ1878 ቢጫ ወባ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ወዳለችው ወደዚህች ከተማ ገብቶ ከ5,000 በላይ ሰው ፈጀ። ከተማይቱ በዕዳ ተይዛ ስለነበረ በ1879 የከተማነት ቻርተሯን እስከ ማጣት ደረሰች። ዌሪንግ በ1880 ያቀረበላት የፍሳሽ መሥመር ለእንዲህ ያለች ድኻ ከተማ የሚስማማ ነበር። የዝናቡን ጎርፍ ወደ ቧንቧው ሳያስገባ የቤት ፍሳሽን ብቻ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ባላቸው ቀጫጭን ቧንቧዎች የሚያስወግድ ሲሆን፣ በየመሥመሩ ራስ ላይ የተቀመጠ ጋን በተወሰነ ሰዓት ውኃ እየለቀቀ ቧንቧውን ያጥባል። ወጪው ዝቅተኛ፣ ሥራው ፈጣን ነበር። ይሁን እንጂ መቆጣጠሪያ ጉድጓዶች ስላልተበጁለት ቧንቧው በተደፈነ ቁጥር መንገዱን መቆፈር ግድ ሆነ። ሩዶልፍ ሄሪንግ የተባለው መሐንዲስ የአውሮፓን ከተሞች ዞሮ ካየ በኋላ በ1881 ባቀረበው ጥናት፣ ለአንዱ ከተማ የተስማማው ለሌላው ላይስማማ እንደሚችል፣ ትልልቅ ከተሞችም ጎርፉንና ፍሳሹን በአንድነት ማስወገድ ሊበጃቸው እንደሚችል አስረዳ። ዌሪንግ የመሥመሩን የፈጠራ መብት በስሙ አስመዝግቦ ለየከተማው ይሸጥ ስለነበረ ለትችቱ ጆሮውን የሰጠ አይመስልም። በዚህ ነገር ፍርዱ ለሄሪንግ ይደላል።

ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ የነበረው እምነት ልብ ሊባል ይገባዋል። ዌሪንግ በሽታ ከበሰበሰ ነገርና ከፍሳሽ ጋዝ በሚነሣ መጥፎ አየር ይተላለፋል ከሚሉት ወገን ነበር። የጀርም ሳይንስ በአውሮፓ እየተስፋፋ በሄደበት ዘመን እንኳ ይህን እምነቱን አልተወም።

በ1894 የኒውዮርክ ሕዝብ ታማኒ ሆል የተባለውን የፖለቲካ ማኅበር ከሥልጣን አውርዶ ዊልያም ስትሮንግ የተባለውን ነጋዴ ከንቲባ አድርጎ መረጠ። አዲሱ ከንቲባ የመንገድ ጽዳቱን መሥሪያ ቤት እንዲይዝ በመጀመሪያ የጠየቀው ቴዎዶር ሩዝቬልትን ነበር። ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ሩዝቬልት ሹመቱን ሳይቀበል ቀረና የፖሊስ ኮሚሽነርነቱን ያዘ። ስለዚህ በጃንዋሪ 1895 ቦታው ለ61 ዓመቱ ዌሪንግ ተሰጠ።

መሥሪያ ቤቱ በ1881 የተቋቋመ ቢሆንም መንገዱ መጸዳቱን የሚመሰክር ሰው አይገኝም ነበር። በከተማው የሚንቀሳቀሱት ፈረሶች በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ አንዱ ፈረስ በቀን ወደ 10 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ፋንድያ ይጥላል። በዚህ ላይ የምድጃው አመድ፣ የወጥ ቤቱ ትራፊና የሱቁ ጥራጊ በአንድነት በበርሜል ተሞልቶ በየደጁ ይቀመጣል፤ በርሜሉ ሞልቶ ሲፈስ የሚያነሣው የለም። ድኾችና ስደተኞች ተጨናንቀው በሚኖሩበት በምሥራቁ ሰፈር ቆሻሻው ከእግረኛው መንገድ ጠርዝ በላይ ተቆልሎ ይታይ ነበር። የጠራጊነቱን ሥራ የሚያድለው የየቀበሌው የፖለቲካ አለቃ ሲሆን፣ ሥራውን ያገኘው ሰውም ውለታውን የሚከፍለው በምርጫ ድምፁ ነበር እንጂ በመጥረጊያው አልነበረም።

ዌሪንግ ከመጥረጉ በፊት መንገዱን ማስለቀቅ ነበረበት። የጭነት ጋሪ ባለቤቶች ማታ ፈረሶቻቸውን ፈትተው ወደ ጋጥ ካስገቡ በኋላ ጋሪዎቻቸውን በየመንገዱ ዳር አቁመው ማደር ልማዳቸው ነበር። ጋሪዎቹ በሺህ የሚቆጠሩ ነበሩና በድኻው ሰፈር መንገዱ ግራና ቀኝ ተይዞ ለመተላለፊያ የሚቀረው መካከሉ ብቻ ነበር። ከጋሪዎቹ ሥር መጥረጊያ አይገባም፤ በላያቸው ደግሞ ሌሊት ወንበዴ ይሸሸግባቸዋል። ልማዱ ሕግን የሚጥስ እንደነበረ ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን ባለጋሪዎቹ ብዙ ድምፅ ያላቸው መራጮች በመሆናቸው የሚነካቸው አልተገኘም። በእነርሱም በኩል ቢሆን ክርክሩ ጨርሶ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፤ አንድና ሁለት ጋሪ ብቻ ያለው ሰው ማሳደሪያ ቦታ ለመከራየት አቅም ያጥረው ነበርና።

ኮሚሽነሩ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ ቀኑ ሲደርስም ሠራተኞቹን አሰማርቶ በመንገድ ላይ ያደረውን ጋሪ ሁሉ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ግቢ ማስጎተት ጀመረ። ባለቤቱ ጋሪውን የሚያስለቅቀው መቀጫ ከፍሎ ነው። በአንዳንድ ሰፈር ሕዝብ ተሰብስቦ ጎታቾቹን ስለተጋፋቸው በፖሊስ እየታጀቡ መሥራት አስፈለጋቸው። ዌሪንግ ግን ሕዝባዊው መንገድ የማንም የግል ግቢ ሊሆን አይገባውም ከሚለው አቋሙ ፈቀቅ አላለም። ጥቂት ወራት ሲያልፉ መንገዱ ተለቀቀ። የሰፈሩ ሕፃናትም ከዚያ በፊት አይተውት የማያውቁት የመጫወቻ ሥፍራ አገኙ። ከሠራቸው ሥራዎች ሁሉ አነስተኛ ገንዘብ የጠየቀው፣ ምናልባትም ከሁሉ የበለጠ ድፍረት የፈለገው ይህ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው የሠራተኞቹ ጉዳይ ነው። ዌሪንግ የቀድሞዎቹን ጠራጊዎች በጅምላ አላባረረም። የየትኛው ፖለቲካ ወገን እንደሆኑ መጠየቅን ከለከለና ሰክሮ የተገኘውን፣ ከሥራ የቀረውን፣ ደመወዝ እየበላ የማይሠራውን ብቻ አስወገደ። ለእያንዳንዱ ጠራጊ ተለይቶ የታወቀ የመንገድ ክፍል ተሰጠው። ቀድሞ ጠራጊው ቆሻሻውን በመንገዱ ላይ እየቆለለ ይሄድና ጋሪው እስኪደርስ ነፋስና ጎማ መልሶ ይበትነው ነበር። አሁን ግን በሁለት ጎማ የሚገፋ የእጅ ጋሪ ከነማጠራቀሚያው ተሰጥቶት የጠረገውን ወዲያው የሚያነሣ ሆነ። በዚህ ዓይነት 433 ማይል ርዝመት ያለው ንጣፍ መንገድ እንደ ትራፊኩ ብዛት በቀን ከ1 ጊዜ አንሥቶ ከ4 ጊዜ በላይ እስከ መጠረግ ደረሰ።

በሕዝቡ ዘንድ ሣቅ ያስነሣው ግን የደንብ ልብሱ ነበር። ዌሪንግ ጠራጊዎቹን ከራስ እስከ እግር ነጭ አለበሳቸው፤ በራሳቸውም ላይ ነጭ የቡሽ ባርኔጣ ደፉ። ቆሻሻ የሚጠርግ ሰው ነጭ መልበሱ ለጋዜጦቹ መሣለቂያ ሆነ፤ ነጭ ክንፎች የሚለውም ቅጽል ስም ያን ጊዜ ወጣላቸው። የኮሎኔሉ ሐሳብ ግን ሁለት ገጽ ነበረው። ነጭ ልብስ በሐኪምና በነርስ ዘንድ የታወቀ የጤና ምልክት ስለሆነ ጠራጊውም ጤና ጠባቂ መሆኑን ለሕዝቡም ለራሱም ያሳስባል። ከዚህም ሌላ በሥራ ሰዓት ወደ መጠጥ ቤት ጎራ የሚል ሠራተኛ ነጭ ለብሶ ከአለቃው ዓይን ሊሰወር አይችልም። ሁለተኛውን ምክንያት የሚዘነጉ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎች ሰውየውን ከነበረበት በላይ ገር አድርገው ያቀርቡታል።

በሜይ 1896 ጠራጊዎቹና ጋሪ ነጂዎቹ ከነሙዚቃ ጓዳቸው በአምስተኛው አቬኑ ላይ ሰልፍ እንዲያደርጉ አዘዘ። ሕዝቡ ያላግጥባቸዋል የሚል ፍርሃት ነበር። ነገር ግን የከተማው ሰው በመንገዱ ግራና ቀኝ ቆሞ በጭብጨባ ተቀበላቸው። እስከዚያች ቀን ድረስ ሥራውን ለጎረቤት ለመናገር ያፍር የነበረ ሰው በከተማው ዋና ጎዳና ላይ እንደ ወታደር ተሰልፎ አለፈ።

ከሰልፉ ይልቅ ለሙያው ሰው ትምህርት የሚሆነው የአቤቱታ አሠራሩ ነው። ሠራተኞቹ ከየክፍላቸው 41 ተወካዮች መርጠው ያለ አለቃ በዝግ ስብሰባ ቅሬታቸውን ይመረምራሉ። ከዚያ ያለፈው ጉዳይ 10 አባላት ወዳሉት የመነጋገሪያ ቦርድ ይቀርባል፤ ከእነዚህም 5ቱ የሠራተኞቹ፣ 5ቱ የመሥሪያ ቤቱ ወገን ናቸው። ወደ ኮሚሽነሩ የሚደርሰው በቦርዱ ሳይቋጭ የቀረው ብቻ ነበር፤ አብዛኛውም ከዚያ በፊት ያልቃል። ፈረሰኛ መኮንን የነበረ፣ ትእዛዝ ወዳድነቱም የታወቀ ሰው ይህን ማሰቡ የሚያስደንቅ ነው። ከዚህ ጋር ግን የቆሻሻ ጉዳይ ያልሆነ ነገር ሁሉ በአፉ ያመልጠው ነበር። በ1895 ጡረታ ስለሚጠይቁ የቀድሞ ዘማቾች የተናገረው ጠንካራ ቃል የጦር ጓዶቹን አስቆጥቶ ከሥልጣኑ እንዲሻር እስከ መጠየቅ አደረሰው። ከንቲባው ስላልለቀቀው ብቻ ተረፈ።

የተጠረገው ሁሉ ወዴት ይሂድ የሚለው ጥያቄ ከጠረጋው ይልቅ ከባድ ነበር። የከተማው ቆሻሻ በጠፍጣፋ መርከቦች እየተጫነ ወደ ባሕር ይጣል ስለነበር ማዕበሉ መልሶ በሎንግ አይላንድና በኒው ጀርሲ የባሕር ዳርቻዎች ላይ ይተፋው ነበር። ዌሪንግ በ1896 ነዋሪው ሁሉ አመዱን፣ የምግብ ትራፊውንና ደረቁን ጥራጊ በሦስት ዕቃ ለይቶ እንዲያስቀምጥ አዘዘ። ፖሊሶችም ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ አስረዱ። የምግቡ ትራፊ ባረን አይላንድ ወደተባለው ደሴት ተወስዶ በእንፋሎት እየተቀቀለ ስብና ማዳበሪያ ወጣለት። አመዱ ለመሬት መሙያ ዋለ፤ ከደረቁ ጥራጊም ጨርቁ፣ ወረቀቱና ብረቱ እየተለቀመ ተሸጠ። ባረን አይላንድ አካባቢ የሚኖሩ ሰዎች ስለ ሽታው ያሰሙት ምሬት ለብዙ ዓመታት ሳያቋርጥ ቀጥሏል። የአንዱን ሰፈር ንጽሕና የሌላው ሰፈር አፍንጫ መክፈሉ በሒሳቡ ውስጥ አልገባም ነበር።

ከሥልጣኑ ውጭ ሆኖ ሥራውን ሲያደናቅፍበት የኖረው የመንገዱ ንጣፍ ነው። ንጣፍ ማንጠፍና የመቆፈሪያ ፈቃድ መስጠት የሕዝባዊ ሥራዎች መሥሪያ ቤት ድርሻ ነበር። በድንጋይ ንጣፍ ስንጥቅ ውስጥ የገባውን ፋንድያ ማንም መጥረጊያ ጠርጎ አያወጣውም፤ የጋዝና የእንፋሎት ቧንቧ ለመቅበር የተቆፈረ መንገድም በሚገባ ሳይደለደል ሲቀር የውኃና የጭቃ ማቆሪያ ይሆናል። በነዚያ ዓመታት የተጨናነቁት የምሥራቅ ሰፈር መንገዶች አስፋልት እየለበሱ መሄዳቸው ለዌሪንግ ትልቅ ዕድል ነበር። ዝናው ግማሹ ከአስፋልቱ የመጣ ነው ብለው የተከራከሩትም ፈጽሞ አልተሳሳቱም።

ዌሪንግ ራሱ የሥራውን ፍሬ የለካው በሞት ቁጥር ነው። ከ1882 እስከ 1894 በነበሩት ዓመታት በአማካይ ከ1,000 ሰው 26.78 ይሞት የነበረው በ1897 የመጀመሪያ እኩሌታ ወደ 19.63 መውረዱን ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አስፍሯል። ቁጥሩ የሚናቅ አይደለም፤ ሁሉንም ለመጥረጊያ መስጠት ግን ያስቸግራል። የከተማው ጤና ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ1895 የዲፍቴሪያን መድኃኒት ለሕዝብ ማዳረስ መጀመሩም ከዚሁ ጋር ሊታሰብ ይገባዋል።

በ1897 መጨረሻ በተደረገው ምርጫ ታማኒ ሆል ወደ ሥልጣን ተመለሰ። በጃንዋሪ 1 ቀን 1898 ብሩክሊንና ሌሎች አካባቢዎች ተጨምረው ታላቂቱ ኒውዮርክ ስትመሠረት ዌሪንግ ከመሥሪያ ቤቱ ወጥቶ ነበር። በዚያው ዓመት አሜሪካና ስፔን በኩባ ምክንያት ተዋጉ። ከጦርነቱም በኋላ መንግሥት ሃቫናን ከቢጫ ወባ ለማጽዳት ምን እንደሚያስፈልግ አጥንቶ እንዲያቀርብ በኦክቶበር ወር ላከው። ከተማይቱን በሙሉ ዞሮ ቦዮቿንና መንገዶቿን መረመረ፤ መፍትሔውም የፍሳሽ መሥመር፣ ንጣፍና ጠረጋ መሆኑን አመነ። ሲመለስ ግን በሽታውን ይዞት መጣ። ኦክቶበር 29 ቀን 1898 በኒውዮርክ በቢጫ ወባ ሞተ። ዕድሜው 65 ዓመት ነበር። በሽታው እንዳይዛመት ተብሎ አስከሬኑ በወደቡ መግቢያ ወዳለው ወደ ስዊንበርን ደሴት ተወስዶ ተቃጠለ።

እርሱ በሃቫና ቦዮች መካከል ሲመላለስ፣ ቢጫ ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ መሆኗን ከ1881 ጀምሮ ሲያስረዳ ሰሚ ያጣው ካርሎስ ፊንላይ የተባለ ሐኪም በዚያው ከተማ ይኖር ነበር። አሜሪካኖች በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ሃቫናን ልክ ዌሪንግ እንዳሰበው ጠርገው አጸዷት። ሌላው በሽታ ሲቀንስ ቢጫ ወባ ግን በ1900 እንደገና ተቀሰቀሰ። በዚያው ዓመት የዋልተር ሪድ የምርመራ ጓድ የፊንላይን ቃል በሙከራ አረጋገጠ። በ1901 ዊልያም ጎርጋስ የታቆረውን ውኃ እያስደፋና ዘይት እያስረጨ ትንኟን ባጠፋ ጊዜ በሽታው በጥቂት ወራት ውስጥ ከሃቫና ጠፋ።

በኒውዮርክ ታማኒ ሆል ብዙውን የዌሪንግን ሥርዓት አፈረሰው፤ ቆሻሻውን በሦስት መለየቱም ውሎ አድሮ ቀረ። ነጩን የደንብ ልብስ ግን ማንም ደፍሮ ሊያስወልቃቸው አልቻለም። ጠራጊዎቹ ወደ 20ኛው መቶ ዓመት የተሻገሩት እርሱኑ ለብሰው ነው።